ጉንጩ ያለቀ ንጉሥ

ጉድ የሠራኝ ፀጉሩ ነው።

ትልቅ የናስ ሳንቲም ነው። ሮማውያን ሴስተርቲየስ ይሉታል። መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ደስ የሚል ክብደት አለው፤ የእኔው 24 ግራም ገደማ ይመዝናል። ፊቱ ላይ ያለው ከ117 እስከ 138 እ.ኤ.አ. ሮምን የገዛው ሐድርያን ነው። ጢሙ በሥርዓት ተከርክሟል። ፀጉሩ ደግሞ እያንዳንዱ ዘለላ ተለይቶ ይቆጠራል። 1,900 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ግን ትናንት ከፀጉር ቤት የወጣ ይመስላል። አየሁት፣ ወደድኩት፣ ገዛሁት። ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም። እስካሁን ያመኛል።

ይዤው የሮጥኩት አንድ አንጋፋ ሰብሳቢ ዘንድ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ሳንቲም ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ብዙም አይናገሩም። ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙት። የጠረጴዛውን መብራት ዝቅ አድርገው ከጎን አበሩበት። ከዚያ ቀስ ብለው አዞሩት። ትንሽ ያዞሩና ቆም ይላሉ፣ ደግሞ ትንሽ ያዞራሉ።

«ጆሮውን አየኸው?» አሉኝ።

አየሁት። አልቋል። ጆሮ መሆኑን የማውቀው ጆሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ ስላለ ነው።

«ጉንጩስ?»

ጉንጩም እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል።

«ታዲያ ልጄ፣ ፀጉሩ እንዴት ከጆሮው በዕድሜ ሊያንስ ቻለ?»

መልስ አልነበረኝም። ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝና ራሴ እንዳየው ዝም አሉ። ነገሩ ቀላል ነው። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቀድሞ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የወጣው ክፍል ነው። ፊት ላይ ከሆነ ከፍ የሚለው ጉንጭ፣ ቅንድብና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ነው። ጆሮውና ጉንጩ ተበልተው ፀጉሩ ብቻውን አይተርፍም። በመነጽር ሳየው የዘለላዎቹ ስንጥቅ ግርጌ ጠባብና ሹል ነው፤ አንዳንዱ ላይ መሣሪያው አምልጦ የጫረው ሁሉ ይታያል። በመዶሻ ምት የወጣ መስመር እንዲህ አይሆንም፤ ብረቱ ሲመታ ምስሉ ወደተቀረጸበት ማኅተም ጉድጓድ ፈስሶ የገባ ነውና ዳርና ግርጌው ለስላሳ ነው። በራሱ ዙሪያ ያለው ባዶ ሜዳም ከዳር ካለው ዝቅ ይላል። ተፍቋል ማለት ነው። ፊቱ ጎልቶ እንዲወጣ ዙሪያው ተፋቀ፣ ከዚያ አንድ ጥበበኛ በስል ብረት አዲስ ፀጉር ሠራለት።

ሳንቲሙ ፎርጅድ አይደለም። ኦሪጅናል ነው፣ ሐድርያንም ሐድርያን ነው። ከጆሮ በላይ ግን የእኛ ዘመን ሰው እጅ ሥራ ነው። እኔ የከፈልኩት ለፀጉሩ ነበር።

ጥንታዊ ሳንቲም እጁ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ያወጣል? እኔም ያው ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ደረሰበት ብዬ ነው። የአንድ ሳንቲም ዕጣ አራት ቦታ ይወሰናል። ሲመታ፣ ገበያ ላይ ሲዞር፣ አፈር ውስጥ ሲተኛ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያገኘው ሰው እጅ ሲገባ። ብዙው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ነው። «በጣም አልቋል» ወይም «ብዙም አላለቀም» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ግን አሁን ማለቅን የማየው እንደ ሽማግሌ ፊት መጨማደድ ነው። የሚያስፈራኝ የአራተኛው ሥራ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የዛሬ ሳንቲም ከማሽን ስለሚወጣ ሁሉም መንታ ነው። የጥንቱ በሰው ክንድ ነው የተሠራው። አንዱ ማኅተም መስፍ ላይ ይተከላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡ ወይም የአምላኩ ፊት ያለበት እሱ ነው። ሁለተኛውን ማኅተም ሠራተኛው በእጁ ይይዛል። በመካከላቸው ጠፍጣፋ ብረት ይገባል። ከዚያ መዶሻ። ሠራተኛው ደክሞት ይሆናል፣ ቸኩሎ ይሆናል፣ ብረቱ ጣት የማትሞላ ያህል ሸሽቶ ይሆናል። ያቺ ስህተት ግን ሁለት ሺህ ዓመት ትኖራለች።

ለዚህ እንደ አቴና ጉጉት ጥሩ አስተማሪ የለም። በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴናውያን ከላውሪዮን ማዕድን በወጣ ብር ቴትራድራክም ይመቱ ነበር። ክብደቱ 17.2 ግራም ያህል ነው። በአንድ ወገን አቴና የተባለችው አምላካቸው የራስ ቁር ደፍታለች። በሌላው ወገን ጉጉት ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች፣ ከጎኗ አልፋ፣ ቴታና ኤፕሲሎን የሚባሉት ሦስት የግሪክ ፊደላት አሉ። ማኅተሙ ከብረቱ ስለሚሰፋ የአቴና የራስ ቁር ጎፈር አብዛኛውን ጊዜ ከጠርዙ ውጪ ይቀራል። እንግዲህ ሁለት ጉጉቶች አስቡ። አንድ ዓይነት ክብደት፣ አንድ ዓይነት ማለቅ። የአንደኛዋ ጎፈሩ ሙሉ ነው፣ የሌላኛዋ ከግንባሯ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ዋጋቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ልዩነቱን የፈጠረው ያች የመዶሻ ቅጽበት ናት፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ምንም ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጀማሪን የምታድን አንዲት ነገር አለች። ሳንቲሙ ላይ መስመር ካያችሁ በጥፍር ሳይሆን በዓይን ፈትሹት። ከፍ ብሎ የወጣ መስመር ከሆነ የተሰነጠቀው ማኅተሙ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ብረት ገብቶ ነው። የልደት ምልክት በሉት፣ ጉዳት አይደለም። ወደ ውስጥ የገባ መስመር ከሆነ ግን ጭረት ነው፣ ያውም የማን እንደሆነ መጠየቅ ያለበት። አንዳንዴ ደግሞ የተመታው ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሠራተኛው ሳያየው ሌላ ብረት ያስገባል። የሁለተኛው አንድ ወገን የመጀመሪያውን ፊት ተገልብጦና ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ይዞት ይወጣል። ለአንድ ሠራተኛ ቀሽም ቀን ነበር። ለሰብሳቢ ግን ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ ሰውየው ሲሳሳት እጅ ከፍንጅ የተያዘ ያህል።

ስለ ማለቅ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ብዙ የሚባልለት እሱ ነው። የደረጃዎቹ ስም ግን ያስቀኛል። የመጨረሻው ታች አካባቢ ያለው፣ ማን እንደሆነ ብቻ በግድ የሚለየው ሳንቲም፣ በእንግሊዝኛው የሙያ ቋንቋ «ጉድ» ይባላል። በአማርኛችንም ያው ጉድ ነው። ከዚያ ወደ ላይ «ፋይን»፣ «ቬሪ ፋይን»፣ «ኤክስትሪምሊ ፋይን» እያለ ይወጣል። ጫፉ ላይ ከማኅተሙ እንደወጣ ያለው «ፍለር ደ ኳን» የሚል የፈረንሳይኛ ስም አለው። እንግዲህ «ፋይን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሳንቲም ስታዩ አትደሰቱ። በደንብ ያለቀ ማለት ነው።

ለአሜሪካ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የቁጥር መለኪያ አለ። ለጥንታዊ ሳንቲም ግን አንድ ቁጥር አይበቃም። ኤንጂሲ የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ሰጪ ድርጅት እንኳ ለጥንታውያኑ የማለቁን ደረጃ በቃል ይጽፍና ለአመታቱና ለገጹ ለየብቻ ከ5 ነጥብ ይሰጣል። ይህ አከፋፈል ልክ ይመስለኛል። ያላለቀ ግን ከመሃል ስቶ የተመታ አለ። በደንብ ተመትቶ፣ ሳያልቅ፣ ገጹ በአሲድ የተበላም አለ። ማለቁን፣ ምቱንና ገጹን በአንድ ቁጥር መጠቅለል የሰውን ጤና፣ መልክና ጠባይ ደምሮ ለሦስት እንደማካፈል ነው።

አሁን አፈሩ። ናስና ነሐስ መሬት ውስጥ ሲቆዩ ቆዳ ያወጣሉ። ፓቲና ይባላል። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴ ከሰል የመሰለ ጥቁር ይሆናል። ጠንካራና ለስላሳ ከሆነ የሳንቲሙ ዋና ጌጥ እሱ ነው፤ ደቃቁን መስመር ሁሉ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት አንዲት ትንሽ የሮም ነሐስ ነበረችኝ። ቆሽሻለች ብዬ ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኳት። ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት ሳወጣት ሮዝ ሆናለች። አዎ፣ ሮዝ፤ እንደተላጠ ቆዳ። ንጉሡ ከነስሙ ከኮምጣጤው ጋር ሄዷል። ለካስ ፊቱ የነበረው ብረቱ ላይ ሳይሆን ፓቲናው ላይ ነበር። ይህን ያደረገው አፈር አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ሁሉም አረንጓዴ ግን አንድ አይደለም። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ዱቄት የመሰለ፣ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ ካያችሁ የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው። ብረቱ ውስጥ የቀረ ክሎራይድ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። በእንጨት ስንጥር ነካ አድርጉት። ጤነኛ ፓቲና አይነቃነቅም። በሽታው ግን ብን ይላል፣ ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል። ሻጩ «ጥንታዊ መሆኑን የሚያሳይ ነው» ይላችኋል። ጥንታዊስ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን እያለቀ ነው። የተጣራ ውኃ ውስጥ ደጋግሞ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያቆየዋል። የታመመውን ከጤነኞቹ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ።

ብር ደግሞ በሌላ መንገድ ይሸነግላል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡ ግን በዘመን ብዛት ክሪስታል ሠርቶ እንደ ስኳር ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። ጋሼ የብር ሳንቲም ሲያዩ ሁልጊዜ ሥሩ ጨርቅ የሚያነጥፉት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ክብር መስሎኝ ነበር።

የአክሱም ሳንቲሞች በዚህ በኩል የራሳቸው ፈተና አላቸው። አንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መሃል ስስ ወርቅ ተለብጧል። ሌላ ቦታ በዚያ ዘመን ይህን የሚያህል ነገር ስለማይገኝ መጀመሪያ የሚታየው ወርቁ ነው። ቀርቷል ወይስ ተልጧል? ፊቱ ያለቀ ነሐስ ወርቁን ከያዘ፣ ፊቱ ደህና ሆኖ ወርቁ የሄደበትን ያስንቀዋል። ይህንን ደግሞ ኃይለኛ ማጽጃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠርጎ ይወስደዋል።

ፎርጅድ ነገር አዲስ ጉድ አይደለም፤ ጥንትም ነበረ። መዳቡን ስስ ብር አልብሰው እንደ ብር የሚያወጡት ነበሩ። ነጋዴውም ሞኝ አልነበረም። መሮ አምጥቶ የጉጉቷን ሳንቲም ይሸነትራል፤ ውስጡ ብር ከሆነ ይቀበላል። ዛሬ ያ ቁስል ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ቁስል ያለበት ሳንቲም እወዳለሁ። አንድ ነጋዴ ከ2,400 ዓመት በፊት የመረመረልኝ ነው፣ በነጻ።

በእኛ ዘመን ፎርጅድ አብዛኛው የሚሠራው ቀልጦ በመፍሰስ ነው። ጠርዙን ዙሩበት፤ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ስፌት ወይም ስፌቱን ለማጥፋት የተሞረደ ቦታ ታገኛላችሁ። ገጹ ሳሙና ይመስላል፣ ፊደሎቹ ዳራቸው ቀልጧል፣ ሜዳው ላይ የአየር አረፋ የተዋቸው ነቁጦች አሉ። ሌላው ማጋለጫ መንታነት ነው። ሁለት ሳንቲሞች ከአንድ ማኅተም ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን ቅርጻቸው፣ የሳቱበት አቅጣጫ፣ ጠርዛቸው ላይ ያለው ስንጥቅና ጭረታቸው ሁሉ አንድ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ውሸት ነው። ክንድ ሁለት ጊዜ እንዲያ አይመታም። ሚዛንም አትናቁ። 64 እ.ኤ.አ. ላይ ኔሮ የብር ዲናሩን ቀለል አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት ከአንድ የሮም ፓውንድ 84 ይወጣ የነበረው 96 ሆነ። ስለዚህ የዘመኑን ክብደት የሚያውቅ ሰው ማጉያውን ሳያነሳ ግማሹን መንገድ ይሄዳል።

አስቸጋሪዎቹ ግን በእጅ ማኅተም ቀርጸው በመዶሻ የሚመቱት ናቸው። ካርል ቪልሄልም ቤከር የሚባል ጀርመናዊ ነበር። በ1830 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። እጁ የተባረከ ነበር፣ ሥራው ግን ማጭበርበር። ሳንቲሞቹ አዲስ እንዳይመስሉ ከብረት ብናኝ ጋር ሣጥን ውስጥ ከትቶ ሠረገላው ላይ ያስርና በመንገዱ እየተናጡ እንዲያረጁ ያደርግ ነበር ይባላል። ዛሬ የእሱ ፎርጅዶች ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ይኼ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ያለቀውን ሳንቲም አዲስ የሚያደርግ ሰው አለ፣ አዲሱን የሚያስረጅም አለ።

እሺ፣ ስንት ያወጣል? ወደዚያው እንምጣ። ጥንታዊነት ብቻውን ዋጋ አይሆንም። የ4ኛው መቶ ዘመን የሮም ትናንሽ ነሐሶች በማሰሮ ሙሉ እየወጡ ስለሆነ 1,700 ዓመት ያለው ነገር በኪስ ገንዘብ ይገዛል። ብርቅነትም ብቻውን አይደለም። በዓለም ላይ አምስት ብቻ የቀረ፣ ከአምስት ሰው በላይ ግን የማይፈልገው ሳንቲም አለ። በተቃራኒው የጢባርዮስ ቄሳር ዲናር ብርቅ አይደለም። ነገር ግን በወንጌል የተነሳችው የግብር ዲናር ይህች ናት ተብሎ ስለሚታመን ከእኩዮቿ በላይ ትሸጣለች። ድሃዋ መበለት ከጣለቻቸው ጋር የሚያያዙት የይሁዳ ትናንሽ ነሐሶችም እንዲሁ ናቸው። ግማሹ ፊደል ጠፍቶ፣ ጠርዛቸው ተንሻፎ፣ ደረጃ ቢሰጣቸው የመጨረሻው ጉድ ሆነው፣ ገዢ አያጡም። ታሪኩ ነው የሚሸጠው።

ከሁሉ በላይ ዛሬ ዋጋ የሚያወጣው ወረቀት ነው። «ከየት መጣ?» የሚለው። ብሩቱስ የተባለው ሮማዊ ዩልዮስ ቄሳርን ከገደለ በኋላ 42 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስመታው ሳንቲም አለ፤ በአንድ ወገን የራሱ ፊት፣ በሌላው ሁለት ጩቤና የነጻነት ቆብ። በወርቅ የተመታው እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ በ2020 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ3.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ገጹም ምቱም ያማረ ነበር። የባለቤትነት ታሪኩ ግን የተፈበረከ ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። እንግዲህ ሳንቲሙ አልተፋቀም፣ አልተቀረጸም፣ አልታመመም። ውሸቱ የተቀረጸው ወረቀቱ ላይ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ እዚህ ግን ወረቀቱም ሞኝ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ አሁን ስገዛ ፊቱ ያለቀ ዲናር፣ መሃሉን ይዞ የተመታ፣ ገጹ ያልተፋቀ፣ ከድሮ ስብስብ የወጣበት የቆየ ጨረታ መዝገብ ያለው ከተገኘ፣ ከሚያብረቀርቀውና አንድም የኋላ ታሪክ ከሌለው እሱን እመርጣለሁ። ጋሼ ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ አለ። የማን ዘመን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። አፍንጫው ግን አለ፣ ግራጫ ብሩ ላይ መብራት ከጎን ሲያርፍበት ጉንጩ ቀስ ብሎ ይነሳል። ስንት ሰው አውራ ጣቱን አሳርፎበት ይሆን።

ሐድርያኔ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጄ መጥቶ አየውና ዓይኑ ፈጠጠ። ካልሸጥክልኝ አለ። እውነቱን ነገርኩት። መብራቱን ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራሁለት። ጆሮውን አሳየሁት፣ ጉንጩን አሳየሁት፣ የተፋቀውን ሜዳ አሳየሁት። ማጉያውን ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየ። እሺ እሺ እያለ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳንቲሙን መለሰልኝና፣

«ፀጉሩ ግን ያምራል» አለ።